ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልደረሰም፤ ድጋሚ ልፈተን፣ ኮሌጅ ልግባ ወይስ ሙያ ልማር?

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃን ዘንድሮ ጨረስኩ። ውጤቴ መጥፎ የሚባል አይደለም፤ ግን ላመለክትበት ያሰብኩት ዩኒቨርሲቲ ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ከሚጠይቀው በታች ነው። አባቴ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ አጥንቼ ድጋሚ እንድፈተን ይፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ "የሁለት ዓመት ኮሌጅ ግቢና ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወሪያለሽ" ትለኛለች። እኔ እውነቱን ለመናገር የኤሌክትሪክ ሥራ በእጄ መሥራት ደስ ይለኛል። ግን አንዴ ሙያ ከገባሁ በዚያው እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ። የቱን ልምረጥ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምትኖሪበትን ሀገር አልጻፍሽልኝም። ስለዚህ የትም ብትሆኚ የሚሠራውን እነግርሻለሁ። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ አሠራራቸውን በደንብ ከማውቃቸው ሀገሮች እወስዳለሁ። ስሙና ቅጹ ከሀገር ሀገር ይለያያል እንጂ ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ብዙም አይለያይም።

አባትሽም፣ የአክስትሽ ልጅም፣ አንቺም የምታወሩት ስለ መግቢያ ነው። የት ይቀበሉኛል? በስንት ነጥብ? ጥያቄው ያስፈልጋል፤ ግን ሁለተኛ ነው። እኔ ተማሪ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። እዚያ ገብተሽ ስትጨርሺ የያዝሽውን ወረቀት ቀጥሎ ማን ይቀበለዋል? በስም ጥሪልኝ እላለሁ። "ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል" መልስ አይደለም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንድ ዲፓርትመንት ወይም የአንድ የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካል ስም እፈልጋለሁ። ስም መጥራት ካልቻልሽ ገና ለመምረጥ አልደረስሽም፤ መረጃ መሰብሰብ ይቀርሻል ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ሦስቱን ሐሳቦች እንያቸው።

የአባትሽን ቶሎ ልጨርሰው። ድጋሚ መፈተን የሚያዋጣው የጎደለሽ ነጥብ ትንሽ ሲሆን፣ የጎደለውም በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት ሲሆን፣ ምክንያቱን ደግሞ ስታውቂው ነው። ታምሜ ነበር። ይሄኛው ምዕራፍ አልገባኝም ነበር። ሰዓት አልበቃኝም። እነዚህ ሁሉ ይስተካከላሉ። በሁሉም ትምህርት እኩል ዝቅ ያለ ውጤት ከሆነ ግን ያንኑ መጽሐፍ አንድ ዓመት ማገላበጥ ብዙ አይጨምርም። ብቻሽን ቤት ተቀምጠሽ የምታጠኚበት ዓመት ደግሞ ከባድ ነው። የመጀመሪያው ወር ወኔ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም።

ከመወሰንሽ በፊት ዩኒቨርሲቲው ድጋሚ የተፈተነን ተማሪ እንዴት እንደሚያይ ጠይቂ። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ደጋግሞ የወሰደ ተማሪ ከየፈተናው የተሻለውን የሒሳብና የቋንቋ ነጥብ መርጠው ይደምሩለታል። በብሪታንያ ደግሞ አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በድጋሚ ፈተና የመጣን ውጤት ጭራሽ አያዩም፤ ወይም በቂ ምክንያት በማስረጃ አምጣ ይላሉ። ሁሉም ውጤት በአንድ ዙር ፈተና የመጣ መሆን አለበት የሚሉም አሉ። ይህን ሳያጣሩ ዓመቱን ማቃጠል ያሳዝናል።

አሁን ወደ አክስትሽ ልጅ ሐሳብ እንሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ብዙ ተማሪ የሚያልፍለትም፣ ብዙ ተማሪ ጊዜውን የሚያጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር በሰፊው የሚሠራበት ሀገር አሜሪካ ነው። እዚያ እስካሁን ከሚሠሩት የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት ኮሌጆች) ሁሉ ቀዳሚው የጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ሐሳቡ ከመነሻው የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ትምህርት ለተማሪው ቤት ቅርብ በሆነ ቦታ መስጠት ነበር። የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው፤ ክሬዲት የኮርስ መጠን መለኪያ ነው። የሁለት ዓመቱ ዲፕሎማ 60 ገደማ ነው። ስሌቱ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው፤ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ። መግቢያውም ቀላል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰሽ ከመጣሽ አብዛኞቹ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ውጤትሽን አይተው አይመልሱሽም።

መሬት ላይ ያለውስ? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት ተማሪዎች አሥር ብትጠይቂ ስምንቱ ያህል ዓላማቸው ባችለር ዲግሪ መያዝ እንደሆነ ይነግሩሻል። ከገቡት መካከል የሚዛወሩት ግን ሲሶ ያህል ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር ዲግሪውን የሚይዙት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ከእነዚያ 16ቱ ውስጥ ለመሆን ሌሎቹ ምን እንደያዛቸው ማወቅ አለብሽ።

ገንዘብና ሥራ የሚያቋርጣቸው ብዙ ናቸው። አንዱ ትልቅ ምክንያት ግን ከተማሪው ስንፍናም ከኪሱም ጋር አይገናኝም፤ ክሬዲት ነው። ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚሠራው የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከተማሩት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ያንን ሁሉ እንደገና ከፍለው፣ እንደገና ተምረው ነው የጨረሱት፤ የጨረሱት ሰዎች ማለቴ ነው።

ክሬዲት የሚጠፋው እንዴት ነው? ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የሚቀበልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ኮርስሽን በዲፓርትመንትሽ ግዴታ ኮርስ ፋንታ ይይዝልሻል። ሁለተኛው፣ "ተቀብለናል" ይልሽና በምርጫ ኮርስ ስም ይመዘግበዋል። ሁለተኛው ሲያዩት ያምራል። ትራንስክሪፕቱ ላይ 60 ክሬዲት ተብሎ ይጻፍልሻል። ለምህንድስና የሚያስፈልጉት ኮርሶች ግን አንድም ሳይነኩ ይጠብቁሻል።

ፊዚክስን እንይ። ብዙ ኮሌጆች ሁለት ዓይነት መግቢያ ፊዚክስ ያስተምራሉ። አንዱ በአልጀብራ የሚሠራ ነው። የጤና ተማሪዎችና ሌሎችም ይወስዱታል። ሌላው በካልኩለስ የሚሠራ ነው፤ ለምህንድስናና ለሳይንስ ተማሪዎች። ስማቸው ይመሳሰላል፤ የክሬዲት ብዛታቸውም ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያውን ወስዶ በኤ ያለፈ ተማሪ ምህንድስና ሲገባ ፊዚክስን ከዜሮ ይጀምራል። ጥፋቱ ምንድን ነው? የነገረው ሰው አልነበረም፣ በቃ።

ሒሳብም እንዲሁ ነው። ካልኩለስ አንድ ሳያልቅ ሁለት አይጀመርም፤ ሁለት ሳያልቅ ሦስት አይጀመርም። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ኮሌጅ ስትመዘገቢ የሒሳብ ደረጃሽን አይተው ይመድቡሻል። ከካልኩለስ በታች ከመደቡሽ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር ጨመርሽ ማለት ነው። ወደ ማካካሻ ሒሳብ ከላኩሽ ደግሞ ያ ኮርስ ለዲግሪው ጭራሽ አይቆጠርም። ትከፍያለሽ፣ ትማሪያለሽ፣ ታልፊያለሽ፤ ግን አንድ ክሬዲት አይገባሽም። በዚህ ምክንያት የሚያቋርጠው ተማሪ ብዙ ስለነበር ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሌጆቿ ተማሪን ዝም ብለው ወደ ማካካሻ ኮርስ እንዳይልኩ የሚገድብ ሕግ አወጣች። ያንቺ ኮሌጅ ምደባውን በፈተና የሚያደርግ ከሆነ ለዚያ ፈተና ተዘጋጅተሽ ግቢ። ብዙ ተማሪ "ውጤት የለውም፣ ዝም ብሎ ነው" ሲባል ሰምቶ ሳይከልስ ይገባል። ለኔ ከዚህ የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍል የአንድ ሰዓት ፈተና የለም።

ሌላው ልብ የማይባል ነገር የዲፕሎማው ዓይነት ነው። በአሜሪካ አሶሼት ኦፍ ሳይንስ የሚባለው ለመዛወር የተሰናዳ ነው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የሚባለው ደግሞ ተመርቆ ሥራ ለመግባት የተሰናዳ ነው። ሁለቱም ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሰጣል። ሁለተኛውን ይዘሽ ምህንድስና ልግባ ብትዪ ከኮርሶችሽ ብዙዎቹ አይቆጠሩልሽም። ይህ ዓይነቱ ልዩነት በሌሎች ሀገሮችም በተለያየ ስም አለ። ስለዚህ የትም ብትሆኚ ከመመዝገብሽ በፊት "ይሄ ፕሮግራም ለመዛወር ነው ወይስ ለሥራ?" ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ።

እንዲህ ስልሽ ግን መንገዱን እያጥላላሁት አይደለም። በትክክል ከተያዘ በጣም ጥሩ መንገድ ነው። በትክክል መያዝ ማለት ከኋላ ወደ ፊት መምጣት ነው። ኮሌጁን አትምረጪ፤ መጀመሪያ የምትጨርሺበትን ዩኒቨርሲቲ ምረጪ። የኤሌክትሪካል ምህንድስናውን የአራት ዓመት የኮርስ ዝርዝር አውጪ። ከዚያ ከየትኞቹ ኮሌጆች ጋር የጽሑፍ የዝውውር ስምምነት እንዳለው እይ። ስምምነቱን ራሱን አንብቢ፤ የኮሌጁ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን አይደለም። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ለዝውውር ተብሎ የተሰናዳውን ዲፕሎማ መስፈርቱን አሟልቶ የጨረሰ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ዋስትና ሰጠች። ዋስትናው ግን ለሥርዓቱ ነው እንጂ አንቺ ለፈለግሽው ካምፓስ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር በማስታወቂያ ላይ አይገኝም።

ደግሞ የምትጠይቂውን ሰው ምረጪ። ሬጅስትራር "ክሬዲትሽን እንቀበላለን" ሊልሽ ይችላል፤ አልዋሸም። የትኛው ኮርስ በየትኛው ፋንታ እንደሚያዝ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ዲፓርትመንቱ ነው። ስለዚህ ወደ ዲፓርትመንቱ ጻፊ። መልሱን በኢሜይል ተቀበይ፤ በስልክ የተነገረሽን ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። የወሰድሽውን የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ፣ የመጽሐፉን ስምና የምዕራፎቹን ርዕስ ጭምር አስቀምጪ። ክሬዲት ሲያከራክር የሚያሸንፍልሽ እሱ ነው። የማለፊያ ውጤትም ይለያያል። ኮሌጁ በዲ ሊያሳልፍሽ ይችላል፤ ለዝውውር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሲ ይጠየቃል።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። "ደስ ይለኛል" ያልሽው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሥራ በእጅሽ ስለመሥራት ስትጽፊ። ስለ ዩኒቨርሲቲው ስትጽፊ የጠቀስሽው የመግቢያ ነጥቡን ነው። ይሄ ላንቺ ምንም ላይመስልሽ ይችላል። እኔ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

"በዚያው እቀራለሁ" የሚለው ፍርሃትሽ እንደየሀገሩ ነው። ልክ የሆነበት ሀገር አለ፤ ጊዜው ያለፈበት ሀገርም አለ። ጀርመንን እንይ። እዚያ የኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ሠልጣኙ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ድርጅቱ ውስጥ ይሠራል፤ የቀረውን አንድ ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል። ከዚያ ሥራ ላይ ቆይቶ ማይስተር የሚባለውን ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ፈተና ካለፈ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። የጀርመን ክፍላተ ሀገር የትምህርት ሚኒስትሮች ይህን የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ማይስተር ያልሆነም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠናና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ካለው፣ የብቃት ፈተና አልፎ ወይም በሙከራ ሴሚስተሮች ራሱን አስመስክሮ ከሙያው ጋር የሚዛመድ ትምህርት መማር ይችላል።

ስዊዘርላንድ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። የግዴታ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ወጣቶች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ የሚሄዱት ወደ ሙያ ሥልጠና ነው። ውጤት ስላነሳቸው አይደለም፤ የተለመደው መንገድ እሱ ስለሆነ ነው። ከሥልጠናው ጎን ለጎን ወይም ቀጥሎ የሙያ ማትሪክ የሚባለውን የወሰደ ተማሪ በተግባር ላይ ወደሚያተኩሩት ዩኒቨርሲቲዎች ይገባል። ወደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለመሄድ ከፈለገ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሥልጠናና ዲግሪን አንድ ላይ የያዘ መንገድ አለ። ሠልጣኙ የድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዝ ያገኛል፣ ዩኒቨርሲቲም ይማራል፤ የትምህርት ክፍያውን ግን እሱ አይከፍልም። ታዲያ ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። አንዳንዱን ፕሮግራም ማግኘት ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ ይከብዳል።

በሌላ በኩል፣ የሙያ ሥልጠናው አንድ ቦታ ላይ የሚቆምባቸው ሀገሮች አሉ። የምስክር ወረቀቱ ለሥራ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። ወይም ደንቡ ይፈቅዳል፣ በተግባር ግን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ የለም። ይህን የምታውቂው እንዴት ነው? ከሙያ ተነስተው ምህንድስና የገቡ ተማሪዎች ካሉ ሥልጠና ተቋሙን ጠይቂ። ካሉ ያገናኙሽ። አንድም ሰው ማምጣት ካቃታቸው መልስሽን አገኘሽ።

ማሠልጠኛውን ደግሞ ሄደሽ እይው። ወርክሾፑን አሳዩኝ በይ። አንድ የመለማመጃ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም ቁጠሪ። መሣሪያው የሚሠራ ነው ወይስ ለጎብኚ የተቀመጠ? የሥራ ላይ ልምምዱን ቦታ የሚፈልገው ማነው፣ እነሱ ወይስ አንቺ? "ተማሪው ራሱ ያፈላልጋል" ካሉ ብዙው ተማሪ ሳይለማመድ ይመረቃል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ደግሞ በብዙ ሀገር ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው አካል ማን እንደሆነ አጣሪና የዚህን ተቋም ወረቀት ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። የሦስት ወር ሠርተፊኬት ይዘው ለፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ እንኳ ያልተፈቀደላቸው ልጆች አውቃለሁ። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሥራ ላይ የሚሠለጥነው እየተከፈለው ከአራት እስከ አምስት ዓመት ነው።

ሙያውን ከመረጥሽ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ሒሳብን እንዳትተዪ። ከሙያ ተነስቶ ወደ ምህንድስና የሚሻገር ተማሪ በላብራቶሪ አይቸገርም። እንዲያውም ሌሎቹ ሽቦ ሲፈሩ እሱ እየሳቀ ይሠራል። የሚጥለው ካልኩለስ ነው። ሦስት ዓመት ሒሳብ ሳይነካ ቆይቶ አንደኛ ዓመት ላይ ዲሪቬቲቭ ሲመጣበት ይደነግጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ምሽት ሒሳብ የምትይዢበት ሰዓት አስቀምጪ። የማታ ኮርስ ካለ ተመዝገቢ።

ሦስታችሁም ያላነሳችሁት ሌላ መንገድ አለ። ለዩኒቨርሲቲ ትንሽ የጎደላቸውን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በብዙ ሀገር አለ። ሬሜዲያል፣ ፋውንዴሽን፣ መሰናዶ ይሉታል። በጀርመን ለውጭ ሀገር ተማሪዎች ሽቱዲየንኮሌግ የሚባል አለ። ሁለት ሴሚስተር ነው። ለምህንድስና፣ ለሕክምናና ለኢኮኖሚክስ የተለያየ ክፍል አለው፤ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። በብሪታንያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፋውንዴሽን ዓመትን ከዲግሪው ጋር አያይዘው ይሰጣሉ። ያለፈ ቀጥታ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባል። ላንቺ ዓይነት ተማሪ ከድጋሚ ፈተና ይልቅ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። አስተማሪ አለሽ፣ ጓደኛ አለሽ፣ የምትማሪውም አዲስ ነገር ነው። እዚህም ያው ጥያቄ አለ። ፋውንዴሽኑን ካለፍኩ ወረቀቱ እዚሁ ብቻ ነው የሚሠራው ወይስ ሌላ ዩኒቨርሲቲም ይቀበለዋል? እዚሁ ብቻ ከሆነና ማለፊያውን በትንሽ ነጥብ ብታጪስ?

የርቀት ትምህርትም አለ። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ሐሳቡ ያለ መግቢያ ውጤት ማንንም መቀበል ነበር፤ ዛሬም ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶቹ የመግቢያ ውጤት አይጠይቅም። ሥራ ላይ ላለ ሰው ግሩም ነገር ነው። ገና ከሁለተኛ ደረጃ ለወጣችና ላብራቶሪ ለሚያስፈልጋት ልጅ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

ስለ እውቅና ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። እውቅና ያለው ተቋም ውስጥ እውቅና የሌለው ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። አንዱ ካምፓስ ተፈቅዶለት ሌላው ያልተፈቀደለትም ይኖራል። ስለዚህ የተቋሙን፣ የፕሮግራሙንና የካምፓሱን ለየብቻ አጣሪ። የምታጣሪውም ከመንግሥት የእውቅና ሰጪ አካል ዝርዝር ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ማስረጃ አይሆንም። ከዓለም አቀፍ ተቋማት መካከል የዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር የሚያዘጋጀውን የከፍተኛ ትምህርት ዳታቤዝ ማየት ይቻላል። ለምህንድስና ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት አባል በሆኑ ሀገሮች እውቅና ያገኘ የምህንድስና ዲግሪ በሌሎቹ አባላት ዘንድ አቻ ሆኖ ይታያል። ለቴክኖሎጂስቶች የሲድኒ፣ ለቴክኒሻኖች ደግሞ የደብሊን ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የመጡ ናቸው። አንድ ቀን ሌላ ሀገር መሥራት የምታስቢ ከሆነ ፕሮግራሙ ከነዚህ በየትኛው ሥር እንደሆነ ጠይቂ። ጥያቄው ራሱ ያልገባው ኮሌጅ ካጋጠመሽ እሱም መረጃ ነው።

"የሕይወት ልምድሽን አይተን በአንድ ወር ዲግሪ እንሰጥሻለን" የሚሉ ድረ ገጾች ካጋጠሙሽ ዝጊው። ስለ ውጭ ሀገር ትምህርት የሚያማክርሽ ኤጀንት ካለም ከማን እንደሚከፈለው ጠይቂ። ብዙ ኤጀንቶች ባስመዘገቡት ተማሪ ልክ ከትምህርት ቤቱ ኮሚሽን ያገኛሉ። ያ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግን ኮሚሽን የማይከፍለውን ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ለምን እንዳልነገረሽ ያስረዳሻል።

ማመልከቻውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ውጤቱ መካከለኛ የሆነ ተማሪ የሚጽፈው ጽሑፍ ከጎበዝ ተማሪ ጽሑፍ የበለጠ ይነበባል። ጎበዙን ውጤቱ ያስገባዋል። ድንበር ላይ ያለሽውን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ሊያይሽ ይችላል። "ከልጅነቴ ጀምሮ መሐንዲስ መሆን ሕልሜ ነበር" አትበይ፤ እሱን ሁሉም ጽፎታል። አንድ የሠራሽውን ነገር ጻፊ። የተበላሸ ምን አገኘሽ፣ ችግሩን እንዴት ለየሽው፣ መጀመሪያ የሞከርሽው ለምን አልሠራም፣ በመጨረሻ ምን አደረግሽ። ዩካስ በሚባለው የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ተቀባይ፣ እ.ኤ.አ. ለ2026 ከሚገቡ ተማሪዎች ጀምሮ አንድ ረጅም ድርሰት ቀርቶ ሦስት ጥያቄ ሆኗል። ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ፣ ትምህርትሽ እንዴት አዘጋጀሽ፣ ከትምህርት ውጭስ ምን አደረግሽ። ለየትኛውም ሀገር ብታመለክቺ በእነዚህ ሦስት መዘጋጀት አይጎዳሽም። የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ ከፍተኛ ውጤት ከሰጠሽ መምህር ይልቅ ስትሠሪ ያየሽን መምህር ጠይቂ።

እንግዲህ የቱን ትምረጪ? ሀገርሽ ከሙያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር ደንብ ካለውና በዚያ ያለፈ ሰው በዓይንሽ ካየሽ ሙያውን ግቢ፤ ሒሳብሽን ይዘሽ። ደንቡ ከሌለ ወይም ወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ ፋውንዴሽን ወይም ሬሜዲያል ፈልጊ። እሱ ከሌለ የአክስትሽ ልጅ ያለችውን ኮሌጅ፣ ግን የዝውውር ስምምነቱን በእጅሽ ይዘሽ። ድጋሚ ፈተናን ብቻውን የመጨረሻ አደርገዋለሁ።

ብቻውን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አባትሽን ከመቃወም ይልቅ ሐሳቡን ከሌላው ጋር አጣምሪው። በብዙ ሀገር በግል ተመዝግቦ የጎደለውን አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ብቻ ድጋሚ መፈተን ይቻላል። ሥልጠናውን ወይም ኮሌጁን ጀምረሽ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ማታ አጥንተሽ ልትፈተኚ ትችያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ከተቀበለሽ ትሄጃለሽ፤ ካልተቀበለሽ አንድ ዓመት ተምረሻል። አባቶች ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ይለዝባሉ፤ የሚፈሩት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲን ጭራሽ እንዳትተወው ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የድጋሚ ፈተናውን የምዝገባ ቀን እዪ። እሱ ካለፈሽ የቀረውን ሁሉ ብናስተካክል እንኳ ይህኛውን ለመሞከር የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ይኖርብሻል።